ስፔሰር ወይስ ኦፍሴቱ የተለወጠ ቸርኬ? የፕራዶዬ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1፣ ጠዋት

አዲሶቹ ጎማዎች ትናንት ተገጠሙ። 285/70 አር 17 ናቸው። መኪናዋ ፕራዶ 120 ናት፤ በፊት የነበራት 265/65 አር 17 ነው። ስፋቱ 20 ሚሊ ጨመረ። ቁመቱ ደግሞ ከ776 ወደ 831 ሚሊ አደገ። ሞላዎቹ ቀድሞውኑ 50 ሚሊ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ችግር ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ቀጥ ብዬ ስነዳ ሰላም ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ግን "ሽርርር" የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ይብሳል።

የማውቃቸው ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። ግማሾቹ "ስፔሰር አስገባና ተገላገል" ይሉኛል። ስፔሰር ማለት በቸርኬውና በመኪናው መካከል ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ የብረት ቀለበት ነው። ግማሾቹ ደግሞ "ስፔሰር እንዳትነካ፣ ኩሽኔታህን ይጨርሰዋል፤ ኦፍሴቱ ዝቅ ያለ ቸርኬ ግዛ" ይላሉ። ኩሽኔታ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያስችለው ክብ መያዣ ነው፤ ኦፍሴት ደግሞ ቸርኬው ጎማውን ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያስቀምጥ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ዝቅ ሲል ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የቱ ጋ ነው የሚነካው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም አላውቅም። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ እሱን ላግኝ።

ቀን 1፣ ከሰዓት

አንድ ፓኮ ነጭ ጠመኔ አመጣሁ። የሁለቱንም የፊት ጎማዎች የውስጥና የውጭ ትከሻ ዙሪያውን ቀባሁ። ጎማ ጥቁር ስለሆነ ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ ወዲያው ይታያል። የነካው ብረት ላይም ነጭ ምልክት ይቀራል። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ወንድሜ መሪው ላይ ተቀመጠ። እኔ ባትሪ ይዤ ከፊት ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ተኛሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ታግደው።

"ወደ ግራ አዙር፣ ቀስ በል። ቀስ... ቁም!"

ግራው ጎማ ወደ ግራ ሲታጠፍ የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባና ሻንሲውን ይነካል። ጠመኔው ብረቱ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ተለጥፏል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጠርዙ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እዚያ ጋ ወደ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ) የኋላ ጥግ ይጠጋል እንጂ አይነካም። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አለው።

ሦስተኛው ቦታ የላይኛው ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለ በጎማው ጎንና በብራቾው መካከል 3 ሚሊ አለ። 3 ሚሊ ማለት ምንም ማለት ነው፤ ትንሽ ጠጠር ከገባ ጎማውን ይቆርጠዋል። ትንሽ ዞር ዞር ብለን ስንመለስ እዚያም ጠመኔው ተጠርጎ አገኘሁት። መኪናዋ ስትሄድ ክፍተቱ ስለሚለዋወጥ ነው።

ስለዚህ የኔ ችግር ውስጥ ነው። ጎማው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ነገር ግን ውጭ ያለው ቦታም ወሰን አለው። ከእንግዲህ ጥያቄው ስንት ሚሊ የሚለው ነው።

ቀን 2

ኦፍሴት የሚባለው ነገር ሲወራ ይከብዳል፤ ሲለካ ግን ቀላል ነው። ቸርኬውን በስፋቱ መሃል ለመሃል የሚከፍል መስመር አስብ። ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከዚያ መስመር በስንት ሚሊ ይርቃል? ያ ነው ኦፍሴት። የሚለጠፈው ፊት ወደ ውጭ ካደላ ፖዘቲቭ ነው፤ ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል። ወደ ውስጥ ካደላ ኔጌቲቭ ነው፤ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል።

የተጠባባቂው ጎማ ገና ስላልተገጠመ ባዶ ቸርኬ እጄ ላይ አለ። ብርድ ልብስ አንጥፌ ፊቱን ወደ መሬት ደፋሁት። ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ጋደም አደረግኩ። ከቱቦው ሥር እስከሚለጠፈው ፊት 138 ሚሊ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ሙሉ ስፋት 216፣ ግማሹ 108። 138 ሲቀነስ 108፣ ፖዘቲቭ 30። ጎማ የተገጠመበት ቸርኬ ላይ ይህንን ስትለኩ ተጠንቀቁ፤ ቱቦው የሚያርፈው ጎማው ላይ እንጂ የቸርኬው ጠርዝ ላይ አይደለም፣ ቁጥሩ ይዋሻል።

7½ ኢንች የሚባለው ስፋት የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት ከውስጥ ስለሆነ 216ቱ ከዚያ በልጦ መታየቱ አያስደንግጥ።

አሁን ሒሳቡ። በዚሁ ቸርኬ ላይ 30 ሚሊ ስፔሰር ባስገባ ኦፍሴቱ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ጎማው 30 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውስጥ 30 ሚሊ አተርፋለሁ። በምትኩ 8 ኢንች ስፋት ያለው ኦፍሴቱ ዜሮ የሆነ ቸርኬ ብገዛስ? ብዙ ሰው ውጤቱ ያው ይመስለዋል። አይደለም። ቸርኬው ራሱ ስለሰፋ የውጭ ጠርዙ 36 ሚሊ ይወጣል፤ የውስጡ ጠርዝ ግን የሚያተርፈው 24 ብቻ ነው። ኦፍሴት ያለ ስፋት ብቻውን ምንም አይነግርም። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው መነበብ አለባቸው።

ቀን 3

ዛሬ እጄን አላቆሸሽኩም። የኩሽኔታውን ጉዳይ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያስፈራራኝ በእሱ ነው።

ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሬቱ ኩሽኔታው ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ረጅም ክንድ ያገኛል። ይህ እውነት ነው። አንድ የፊት ጎማ 600 ኪሎ ቢሸከምና 30 ሚሊ ወደ ውጭ ቢገፋ፣ 18 ኪሎ ግራም ሜትር ተጨማሪ ጠምዛዥ ጉልበት ይመጣል። ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኩሽኔታው፣ ቴስቲናው (የብራቾው ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ)፣ የመሪው ዘንጎች ሁሉ ይሰማቸዋል።

ግን ኩሽኔታው ጎማው በምን ምክንያት እንደወጣ አያውቅም። 30 ሚሊ በስፔሰር ይምጣ፣ 30 ሚሊ በቸርኬ ይምጣ፣ ሸክሙ አንድ ነው። "ስፔሰር ኩሽኔታ ይበላል፣ ቸርኬ ግን አይበላም" የሚለው ንግግር ስለዚህ ልክ አይደለም። የሚበላው ርቀቱ ነው።

ልዩነቱ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። ቸርኬ ብቻ ሲሆን ቸርኬና ሞዞ ይጋጠማሉ፤ አንድ መጋጠሚያ፣ 6 ዳዶ። ስፔሰር ሲገባ ሁለት መጋጠሚያ፣ 12 ዳዶ ይሆናል። ከ12ቱ ደግሞ 6ቱ ከቸርኬው ጀርባ ተደብቀዋል። ጎማው ካልወጣ አታያቸውም፤ ቢላሉም አታውቅም።

መሪውም ይለወጣል። መሪው የሚዞርበት መስመር መሬቱን የሚነካበት ነጥብ አለ። ጎማው መሬቱን የሚረግጥበት መሃል ደግሞ ከዚያ ነጥብ በራቀ ቁጥር ድንጋይ ሲመታ መሪው እጅ ይነጥቃል። ይህም በስፔሰርም በቸርኬም እኩል ነው።

ቀን 5

ጓደኛዬ ሁለት 30 ሚሊ ስፔሰሮች አዋሰኝ። የሚገዛ ነገር ላይ ከመወሰኔ በፊት በእውነተኛ መኪና ላይ ላየው ፈለግኩ።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ መረመርኳቸው። የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ናቸው፤ 6061 ቲ6 ተብሎ ተቀርጿል። በሻጋታ የፈሰሰ ቢሆን አልነካውም ነበር፤ ይሰነጠቃል። የመሃል ቀዳዳው 106 ሚሊ ነው፤ የፕራዶ ሞዞ ላይ ልክ ቁጭ ይላል። ከፊት ለፊቱም ቸርኬው የሚቀመጥበት ያው 106 ሚሊ ከንፈር አለው። ይህ ከንፈር የሌላቸው አሉ። እነሱ ላይ ቸርኬውን መሃል የሚያስቀምጠው ዳዶው ብቻ ነው። የፕራዶ የፋብሪካ ዳዶ ደግሞ ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ነው፣ ሾጣጣ አይደለም። ስለዚህ ቸርኬውን መሃል ማስያዝ አይችልም። ከንፈር ከሌለ መንቀጥቀጥ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይኔ ካላየሁት አላምንም ነበር። የሞዞው ብሎኖች ከሞዞው ፊት ወደ 31 ሚሊ ወጥተዋል። ስፔሰሩ 30 ነው። ስለዚህ ስፔሰሩ ከገባ በኋላ የድሮዎቹ ብሎኖች ጫፍ በ1 ሚሊ ብቅ ይላል። የኔ ቸርኬ ጀርባው ላይ በዳዶዎቹ ቀዳዳዎች መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ጫፎቹ እዚያ ይገባሉ። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ ቸርኬ ቢሆን ኖሮ ቸርኬው የሚያርፈው እነዚያ 6 ጫፎች ላይ ነበር። ዳዶውን ስታጠብቅ ጠበቀ ትላለህ፤ ቸርኬው ግን ስፔሰሩን አልነካም። አስፈሪ ነገር ነው። እኔ ቸርኬው ጀርባ ላይ ጠመኔ ቀብቼ ገጥሜ አወጣሁት፤ ስፔሰሩ ፊት ላይ ምልክቱ ሙሉ ክብ ሆኖ ወጣ። ተቀምጧል ማለት ነው።

መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ከሻንሲው ሥር መቆሚያ አስገባሁ። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። ጥርሶቹን ግራሶ አልቀባሁም፤ ግራሶ ካለ ያው የቶርክ ሬንች (የተፈለገው ጥብቀት ላይ ሲደርስ "ቀጭ" የሚል መፍቻ) ቁጥር ብሎኑን ከልክ በላይ ይስበዋል። መመሪያው ለአሉሚኒየም ቸርኬ የሚለው 112 ኒውተን ሜትር ነው። በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር አጠበቅኩ። መጀመሪያ ስፔሰሩ፣ ከዚያ ቸርኬው።

ቀን 5፣ ማታ

ድጋሚ ጠመኔ። ብራቾው ጋ 33 ሚሊ፣ ሻንሲው ጋ በቂ ክፍተት። ውስጡ ተፈታ።

ግን ወደ ቀኝ አዙረን ወደ ኋላ ስንነዳ የግራው ጎማ የውጭ ትከሻ የፓራፋንጎውን የኋላ ጥግ መታው። ፕላስቲኩን ብቻ አይደለም፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መገጣጠሚያ ጭምር። ጎማው 30 ሚሊ ሲወጣ መሪ ሲዞር የሚጠርገው ክብ ሰፋ። ውስጥ ያለውን ችግር ወደ ውጭ አዞርኩት ማለት ነው።

ቀን 7

100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ፤ ግማሹ ጠጠር መንገድ ነው። ማጠፊያው ላይ እየተጠነቀቅኩ። መሪው ላይ የጠበቅኩት ለውጥ አለ። ቀኝ ጎማው ድንጋይ ሲያገኝ መሪው ወደ ቀኝ ይሳባል፤ በፊት እንዲህ አያደርግም ነበር። አይከብድም፣ ግን ሁለቱን እጅ ይፈልጋል።

ከዚያ ጎማዎቹን አውጥቼ የተደበቁትን ዳዶዎች በቶርክ ሬንቹ ፈተሽኩ። በቀኝ በኩል 6ቱም ሳይንቀሳቀሱ "ቀጭ" አሉ። በግራ ሁለቱ ግን "ቀጭ" ከማለታቸው በፊት ሩብ ዙር ያህል ሄዱ።

ልቤ ደነገጠ። ስፔሰሩን አወጣሁት። ከሞዞው ጠርዝ አጠገብ የጥፍር ግማሽ የሚያህል የዝገት ቅርፊት ተለጥፎ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል። ስገጥመው ቅርፊቱ ስፔሰሩን በትንሹ አንስቶት ነበር። ስነዳ ሲደቅ ዳዶዎቹ መያዣቸውን አጡ። ሸክሙን የሚይዘው የመሃል ቀዳዳው ወይም የብሎኑ ወገብ አይደለም፤ ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀው የሚፈጥሩት ፍትጊያ ነው። የመያዝ ጉልበቱ ከጠፋ ቸርኬው መንሸራተት ይጀምራል፣ ብሎኑ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ፈትሽ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሞዞውን በብርጭቆ ወረቀት አበራሁትና መልሼ ገጠምኩ። ዳዶዎቹን በቀለም ብዕር አሰመርኩባቸው፤ ከዞሩ መስመሩ ይሰበራል።

ቀን 9

የሚያስፈልገኝ ከ15 እስከ 20 ሚሊ እንጂ 30 አይደለም። ታዲያ ቀጭን ስፔሰር?

የራሱ ብሎን ያለው ስፔሰር 15 ሚሊ ሆኖ አይሠራም፤ ዳዶው የሚቀበርበት ውፍረት የለውም። የሚቀረው ብሎን የሌለው፣ ዝም ብሎ መሃል የሚገባው ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ የሚቆርጠው ከብሎኑ ርዝመት ላይ ነው። ስፔሰሩን አውጥቼ ቸርኬውን ለብቻው ገጠምኩና ዳዶውን ዙር እየቆጠርኩ አስገባሁት። 11 ዙር። የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊ ስለሆነ 16.5 ሚሊ ነው የሚይዘው። ብሎኑ 12 ሚሊ ውፍረት ስላለው ቢያንስ 12 ሚሊ፣ ማለትም 8 ዙር፣ መያዝ አለበት። የሚተርፈኝ 3 ዙር ነው፤ 4.5 ሚሊ። 15 ሚሊ ስፔሰር ባስገባ 1 ዙር ይቀረኛል። ሞዞውን አስፈትቶ ረጅም ብሎን ማስገባት ይቻላል፤ ያን ያህል ሥራ ከሠራሁ ግን ቸርኬ መቀየር ይሻላል።

ውሳኔዬ እዚህ ጋ ተቆረጠ። ለኔ መኪና ቸርኬ ነው። ስፔሰር መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እኔ የምፈልገው ልክ ስፔሰር የሌለው ልክ ስለሆነ ነው። አንዳንድ አገር ስፔሰርን ጭራሽ ይከለክላል፣ ሌላው ስንት ሚሊ ድረስ መውጣት እንደሚቻል ይወስናል። ይህንንም ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀን 14

ቸርኬዎቹ መጡ። 17 በ8፣ ኦፍሴት ፖዘቲቭ 10፣ አሉሚኒየም። አምስት ናቸው። አራት ብቻ ገዝቼ ተጠባባቂውን በድሮው ልተወው አስቤ ነበር። ግን ጎማ የፈነዳው ፊት ላይ ከሆነ የድሮው ቸርኬ ተመልሶ ብራቾውን ይነካል። ያውም በጭቃ መሃል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የጎማው መሃል 20 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። ቸርኬው በግማሽ ኢንች ስለሰፋ ጎማውም ወደ 5 ሚሊ ይሰፋል፤ በየጎኑ 2.5። ስለዚህ ብራቾው ጋ 17 ወይም 18 ሚሊ አተርፋለሁ። 285/70 አር 17 ከ7½ እስከ 9 ኢንች ቸርኬ ስለሚቀበል 8 ምቹ ነው። 9 ብገዛ ኖሮ ግን ጎማው ይለጠጣል፤ ንፋስ ቀንሼ አሸዋ ላይ ስሄድ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ለመውጣት ይቀለዋል። ሰፊ ቸርኬ ለዓይን ያምራል፤ ለዚህ ሥራ ግን ጠበብ ያለው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከመግጠሜ በፊት ሦስት ነገር አየሁ። ጀርባው ላይ የተቀረጸው የመሸከም አቅም፦ የአክስሉ ከፍተኛ ጭነት ለሁለት ተካፍሎ ከዚያ ማነስ የለበትም፤ ያልፋል። የመሃል ቀዳዳው 106 ነው፤ ልክ። ዳዶው ግን አይሆንም። አዲሱ ቸርኬ ሾጣጣ ቀዳዳ ነው ያለው፤ የፋብሪካው ጠፍጣፋ ዳዶ እዚያ ውስጥ በጠርዙ ብቻ ነው የሚቆመው። 24 ሾጣጣ ዳዶ፣ ኤም12 በ1.5፣ ተገዛ።

ቀን 15

ገጠምኩ። ሞዞዎቹ አራቱም በብርጭቆ ወረቀት በርተዋል፤ በጣቴ ዙሪያቸውን ዳሰስኩ፣ በባትሪም አየሁ። 112።

ጠመኔ ለሦስተኛ ጊዜ። ብራቾው ጋ 20 ሚሊ ጠብቄ 19 አገኘሁ። ሻንሲው ንጹሕ ነው። የፓራፋንጎው የኋላ ጥግ ላይ ቆርቆሮው አልተነካም፤ ፕላስቲኩ ላይ ግን ስስ ነጭ መስመር አለ። ፕላስቲኩን በሙቅ አየር ማሽን እስኪለሰልስ አሞቅኩት። ወንድሜ በጓንት እጁ ወደ ኋላ ገፍቶ ያዘው፣ እኔ እርጥብ ጨርቅ ለጠፍኩበት። ሲቀዘቅዝ እንደተገፋ ቀረ። ድጋሚ አዞርን፤ ምንም።

ኋላ መሪ ስለሌለ ሌላ ፈተና ነው የሚያስፈልገው። ቀኝ የኋላ ጎማውን ከፍ ያለ ጉብታ ላይ አወጣሁት፤ አክስሉ አንድ ጎኑ ወደ ላይ ተጋፋ። ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ሲገባ በውጭ ትከሻውና በቆርቆሮው ጠርዝ መካከል አንድ ጣት ገባልኝ። 30 ሚሊ ቢሆን ይህ ጣት አይገባም ነበር።

ቀን 22

150 ኪሎ ሜትር፤ ድንጋይ፣ አንድ ወንዝ፣ ብዙ ጭቃ። ከመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን ፈተሽኩ፤ 24ቱም ሳይንቀሳቀሱ ቀጭ አሉ። ዛሬ ማታም እንደዚያው። አላይመንት አስደረግኩ፤ ባላንስም።

መሪው አሁንም ድንጋይ ላይ ትንሽ ይነጥቃል፤ ከስፔሰሩ ያነሰ፣ ከፋብሪካው የበለጠ። አንድ ያልወደድኩት ነገር ጭቃው ነው። ጎማው ስለወጣ ጠጠርና ጭቃ በሩ ላይ ይረጫል፤ መስታወቱ ሳይቀር። ሰፋ ያለ የጭቃ መከላከያ ጎማ ቆርጬ እገጥማለሁ።

ቀን 24

ስፔሰሮቹን ለጓደኛዬ መለስኩ። እሱ የሚፈልጋቸው ለኋላ ነው፤ ጎማው ሾኩ ጋ ተጠግቶበታል፣ ውጭ ግን ሰፊ ቦታ አለው። ለእሱ 30 ልክ ነው። አብረን ገጠምናቸው። ሞዞውን እሱ ፈተገ፣ እኔ ባትሪ አበራሁ።

"በቃ ጸድቷል" አለኝ።

"በጣትህ ዙረው" አልኩት።

ዞረ። ታች በኩል ቆመ። በጥፍሩ ፈቅፍቆ አንዲት ትንሽ ቅርፊት አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ብሩሹን መልሶ አነሳ።